የሊኦንን ጨዋታ የጨረሰችው ድንቄ

ድንቄ የሊኦንን በር መጀመሪያ ያንኳኳችው በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ቤቱ ሃይፋ ከተማ፣ ሀዳር በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ሃይፋ አጠገብ ባለችው ክርያት አታ በአንድ የስፌት ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ደግሞ ወደብ ውስጥ ያሉ ቢሮዎችን ስታጸዳ ኖረች። ባሏ ካሳው ካረፈ በኋላ ነው የመታፔሌትነት፣ ማለትም የአስታማሚነት ኮርስ ወስዳ፣ ጉልበት የከዳቸውን ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ እየሄደች መርዳት የጀመረችው። ሰው ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት ታውቅበታለች። ብዙ አታወራም። ትውልዷ ጎንደር፣ ደምቢያ ነው፤ ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ተምራ ያደገች ናት፤ ዕብራይስጡም ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ አፏ ላይ እንደ ልብ አልገራላትም።

ሊኦን ያኔ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። ኦዴሳ ውስጥ የመርከብ መሐንዲስ ነበሩ፤ ሃይፋ ሲመጡ ግን የተገኘላቸው ሥራ የወደብ በር መጠበቅ ሆነ፤ በዚያው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ወስዶባቸዋል፤ ግራው ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ቤርሼባ የምትኖረው ልጃቸው ሃጋር በመጀመሪያው ቀን መጥታ ለድንቄ የመድኃኒቱን ሣጥን፣ የፎጣውን ቦታ፣ የጋዙን መዝጊያ ሁሉ አሳየቻት። በመጨረሻ መስኮቱ ሥር ያለውን ትንሽ ጠረጴዛ እያመለከተች፣ አቧራውን ጥረጊ፣ ዕቃዎቹን ግን ከቦታቸው እንዳታነቃንቂ አለቻት። ጠረጴዛው ላይ ቼዝ ተደርድሯል። ጨዋታው መሃል ላይ የደረሰ ይመስላል፤ ከፊት ለፊት ግን የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ተጋጣሚያቸው የሚኖሩት ክርያት አታ ነበር። ቤኒ ይባላሉ፤ ወደብ ላይ የክሬን ነጂ የነበሩ፣ ከሊኦን በሁለት ዓመት የሚያንሱ ሰው ናቸው። ሁለቱ በወደቡ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት መጫወት ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን ቤኒ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት፤ ሊኦንም ደረጃውን ወርደው መውጣት አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱም ቤት ሰሌዳ ተዘርግቷል። በየጠዋቱ ስልክ ይጮኻል፤ ቤኒ እርምጃቸውን ይናገራሉ፣ ሊኦንም ይመልሳሉ። በቀን አንድ አንድ እርምጃ ብቻ። አንዱ ጨዋታ ሁለት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዱም ከዚያ ያልፋል።

ሊኦን በግራ እጃቸው አንዱን ሲያነሡ ሦስቱን ስለሚጥሉ፣ ድንቄ ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት እጃቸው ሆነች። በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች አስተማሯት። ፈረሱን ኤፍ ሦስት ሲሏት ታስቀምጣለች፤ ቤኒ በስልክ የተናገሩትንም እሷው ታንቀሳቅሳለች። ስሞቹን በዕብራይስጥ እየሰማች በሆዷ ወደ አማርኛ መለሰቻቸው፤ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ፈረስ፣ ሯጭ፣ እግረኛ። ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል፣ ሯጩ እንዴት በሰያፍ እንደሚሄድ፣ ማን ማንን እንደሚበላ ማንም ሳያስጠናት ለመደችው። አንዳንዴ ሊኦን ተሳስተው የማይሆን ቦታ ሲጠሩ፣ አባ ሊኦን፣ እዚያ አይደርስም ትላቸው ነበር። በዕብራይስጥ አባ አባት ማለት ስለሆነ፣ እኔ አባትሽ ነኝ ወይ ብለው ጠየቋት። በአገሯ ለትልቅ ሰው ሁሉ እንደሚባል ስትነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያው እንደዚያው በይኝ አሏት።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ዝናባማ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ድንቄ ልብስ አጣጥፋ ስትጨርስ፣ ሊኦን ቴሌቪዥኑን አስዘግተው ከቁም ሣጥኑ ሌላ ሰሌዳ አስወጧት። ተቀመጪ አሏት። መጫወት ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ድንቄ ሳታመነታ እችላለሁ አለች። እውነት መስሏት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከእሷ እጅ ሌላ ያረፈ እጅ አልነበረም።

በዘጠነኛው እርምጃ ንጉሧ መውጫ አጣ። እንደገና ደረደሩ፤ በአሥራ አንደኛው አጣ። ግራ ገባት። ምን እንዳጠፋች እንዲነግሯት ለመነቻቸው።

«አካሄዳቸውን ታውቂያለሽ» አሏት ሊኦን። «ሌላውን እኔ ብነግርሽ ቃል ብቻ ነው የሚሆንብሽ። ተጫወቺ፤ ጨዋታው ራሱ ይነግርሻል።»

ያን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ተናዳ ነው የሄደችው። የተናደደችው በሳቸው አልነበረም። ስንት መቶ እርምጃ በእጇ አልፏል፤ የሰው ጓዝ እንደሚያጓጉዝ ተሸካሚ ዕቃውን ስታሻግር ነው የኖረችው፣ በውስጡ ያለውን አንዱንም አላየችም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ በየቀኑም ትሸነፋለች። የመጀመሪያው ወር የራሷን ዕቃ እንጂ የሳቸውን አታይም ነበር። ቀጥሎ ምን ሊበሉባት እንደሆነ ማየት ጀመረች፤ ያን ስታይ ደግሞ እየፈራች ያላትን ሁሉ ወደፊት ትወረውራለች። አንድ ጊዜ ማንም የማይጠብቀው እግረኛ አግኝታ በላችና ደስ አላት። ከአራት እርምጃ በኋላ ግንቧ ተበላ። ሊኦን ወደ ኋላ እንድትመልሰው አደረጓት፤ አንድ በአንድ እየመለሰች ሄዳ ጣቷ ያረፈው ያ የበላችው እግረኛ ላይ ነበር። ጥፋቱ የታየበት ቦታና የተሠራበት ቦታ ሁለት እንደሆነ ያኔ ገባት። ይህን ቀደም ብለው ቢነግሯት አዎ ብላ ታልፈው ነበር።

ሰውየውንም ያወቀቻቸው በዚሁ ነው። ሁለት ዓመት ገላቸውን አጥባቸዋለች፤ የሚወዱትን ሾርባ፣ የሚያማቸውን ጉልበት ታውቃለች። ፈሪ ሰው መሆናቸውን ያወቀችው ግን በጨዋታ ነው። ንግሥታቸውን ከቤቷ ቶሎ አያወጡም። አንዱን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት የቀረውን ሁሉ ይሸፍናሉ፤ ይጠብቃሉ፣ ሌላው እስኪሳሳት ይጠብቃሉ። አደገኛ ነገር ሊያደርጉ ሲሉ የሞተውን ቀኝ እጃቸውን በግራው ይይዙታል። እሳቸውም እሷን አወቁ። ከባድ ሁኔታ ላይ ስትደርስ ቀና ብለው አይተዋት፣ አሁን ፈራሽ ይሏት ነበር፤ እውነትም ፈርታ ነበር።

አንድ ቀን የተሸነፈችበትን ጨዋታ ወደ ኋላ እየመለሱ ሳለ፣ ድንቄ ሳታስበው የካሳውን ነገር አወራቻቸው። ካሳው ኮንቴይነር በሚራገፍበት ግቢ ነበር የሚሠራው። አንድ ጠዋት ደረቴን ከበደኝ አላት። ሐኪም ቤት ሂድ አለችው፤ ከሥራ መልስ እሄዳለሁ አለ። ምሳውን ቋጥራ ሰጠችው፤ ያን ቀን አልተመለሰም። ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ጠዋት ደጋግማ እንደምታስበው፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን እንደማታገኘው ነገረቻቸው። ምሳውን ባትቋጥርለት ኖሮ፣ በሩ ላይ ብትቆም ኖሮ፣ ወይስ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነው።



ሊኦን በሚንቀጠቀጠው ግራ እጃቸው ዕቃዎቹን ራሳቸው መደርደር ጀመሩ። እየጣሉ፣ እያነሡ፣ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ድንቄም አላገዘቻቸውም፤ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት በቁልፏ ከፍታ ስትገባ ሊኦን አልጋቸው ላይ ዓይናቸውን ገልጠው፣ አፋቸው ተጣሞ አገኘቻቸው። አምቡላንስ ጠራች፤ አብራቸውም ሄደች። ሃጋር ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ሐኪሞቹ ንግግራቸው እንደማይመለስ፣ ከሚባለውም ምን ያህሉ እንደሚገባቸው እንደማይታወቅ ነገሯት። ሃጋር ኮሪደሩ ላይ ካለቀሰች በኋላ ድንቄን ወደ ጎን ወሰደቻት። ለቤኒ እንዳትነግሪ አለቻት፤ ልባቸው ደካማ ነው፣ ይህን ሰምተው አንድ ነገር ቢሆኑ አልችለውም፤ አባቴ ትንሽ ሲሻለው እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

በማግሥቱ ድንቄ የሊኦንን የሌሊት ልብስ ልትወስድ ቤታቸው እንደገባች ስልኩ ጮኸ። ቤኒ ነበሩ። ትናንት ደውዬ ሰው አጣሁ አሉ፤ ሐኪም ጋ ሄደን ነበር አለቻቸው። ግንባቸውን ወዴት እንዳንቀሳቀሱ ተናገሩና መልስ ጠበቁ። ሊኦን ሰኞ ዕለት ይህን ገምተው ነበር፤ ቤኒ ግንቡን ካነሣ በእግረኛ እንመልስለታለን ብለዋት ነበር። ድንቄ ሰሌዳውን አየችና፣ ተኝተዋል፣ እግረኛውን ኤች አራት ብለዋል አለች። መተኛታቸው ውሸት ቢሆንም እርምጃው የራሳቸው ስለነበር ልቧ ብዙም አልከበደም።

በሚቀጥለው ቀን ግን ሊኦን አስቀድመው የተዉላት መልስ አልነበረም። ቤኒ ሯጫቸውን አመጡባት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲደውሉ ለመነቻቸው፤ ከዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሊኦን ወንበር ተቀመጠች። ሊኦን ቢሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃለች፤ ወደ ኋላ መለስ ብለው ይሸፍናሉ። የሚሸፍነውን እርምጃ ግን ፈልጋ አጣችው። ስልኩ እንደገና ሲጮህ ያ የምታውቀው ፍርሃት መጣባት፤ ንግሥቲቱን ጂ አራት ብላ አወጣቻት።

ቤኒ እርምጃውን አስደገሟት። ከዚያ፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ ጻፍኩት አሉ። ሊኦን እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። ደህና ናቸው አለች። በስልክ አቅርቢልኝ አላሉም፤ ድንቄም ያን ጊዜ ይህን ልብ አላለችም።

ሃጋር ለመንገር ነገ ከነገ ወዲያ ስትል ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ። ሊኦን በየካቲት ወደ ቤት ተመለሱ። ድንቄ በየጠዋቱ ካጠበቻቸው በኋላ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ እየገፋች ሰሌዳው ፊት ታስቀምጣቸዋለች። ቤኒ ይህን አድርገዋል፣ እኔ ይህን ልል ነው ብላ ታሳያቸዋለች፤ ከዚያ ፊታቸውን ታያለች። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ያርፋል፤ አንዳንዴ መስኮቱ ላይ፣ አንዳንዴም የትም። አንድ ቀን ትልቅ ስህተት ሠርታ ግንቧን ስታስበላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አይተውት ይሁን ደክሟቸው አላወቀችም። አባ ሊኦን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለቻቸው፤ የአፋቸውን ዳር ጠረገችላቸውና ስልኩን አነሣች።

በየጠዋቱ ከአንድ እርምጃ በላይ አትችልም ነበር። እዚያች አንዷ ላይ ግን ያላትን ሁሉ ታደርጋለች። አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ድንች ስትልጥ፣ ሰሌዳው ዓይኗ ላይ አለ። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆነ። ጨዋታው እየከፋ፣ ዕቃዋ እያለቀ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ ሊኦንም ለቤኒ አላለቁም።

ሊኦን በመጋቢት መጨረሻ አረፉ፤ እጃቸው በድንቄ እጅ ውስጥ ነበር። ሃጋር ያኔ ለቤኒ ደውላ ነገረቻቸው። ለቀብር መምጣት አልቻሉም። ሺቫው፣ ማለትም የሰባት ቀኑ ሐዘን፣ እዚያው አራተኛው ፎቅ ላይ ተቀመጠ። ድንቄም ማንም ነይ ሳይላት፣ ማንም ቅሪ ሳይላት፣ እንደ ወትሮዋ በጠዋት መጣች። ሰዎች እየገቡ ሃጋርን ያጽናናሉ፤ ለድንቄ ደግሞ ውሃ አምጪልን ይሏታል። አመጣችላቸው። አንዲት ሴትዮ የጨረሰችበትን ብርጭቆ ቀና ብላ ሳታያት አቀበለቻት። ድንቄ አልተቀየመችም፤ ጥቁር ሴት ትሪ ይዛ ስትዞር ያየ ሰው ምን ሊያስብ ይችላል አለች በልቧ። ግን ወጥ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ ብዙ ጊዜ ቆመች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሃጋር አነሣችና ትንሽ ካዳመጠች በኋላ ወደ ድንቄ ዘረጋችው። ቤኒ ናቸው፣ የፈለጉት አንቺን ነው አለቻት።

«ድንቄ» አሉ ቤኒ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ያላት ሰው አልነበረም። ስልኩን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባችና አሜን አለች። ከዚያ መናዘዝ ጀመረች፤ እነዚያን እርምጃዎች ሊኦን እንዳላሏቸው፣ ቤኒንም እንዳታለለቻቸው። ቤኒ አቋረጧት።

«ንግሥቲቱን ያወጣሽ ቀን ነው ያወቅሁት። ሊኦን በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ አውጥቷት አያውቅም። ይህ የፈራ ሌላ ሰው ነው አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም፣ አባ ቤኒ?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር» አሉ። «ካልጠየቅሁ ግን በየጠዋቱ አንድ እርምጃ ነበረኝ።»

ከዚያ ቤኒ ሰሌዳው ገና እንዳለ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። እንዳለ ነው አለቻቸው።

ቤቱ የኪራይ ስለነበር በሚያዝያ መጨረሻ ተለቀቀ። ሃጋር የአባቷን ቼዝ ለልጇ ወሰደችው። ድንቄ ዕቃዎቹ ካርቶን ውስጥ ከመግባታቸው በፊት የእያንዳንዱን ቦታ በወረቀት ጻፈች። የሥራ ቦታዋም ተቀየረ፤ ኩባንያው ሌላ አንዲት አሮጊት ዘንድ መደባት። ስንት ሰው ያጠበች ሴት በሐዘን ምክንያት ዕረፍት ይገባታል ብሎ የሚያስብ አልነበረምና በማግሥቱ ሥራ ገባች። ዓርብ ግን ነፃ ነበረች፤ ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ክርያት አታ ሄደች።

ቤኒን በድምፅ እንጂ በአካል አታውቃቸውም ነበር። ቀጭን፣ ራሰ በራ፣ እጆቻቸው ብቻ እንደ ድሮው ክሬን ነጂ ግዙፍ የሆኑ ሰው ናቸው። ሰሌዳው በትክክል በወረቀቷ እንደጻፈችው ተደርድሮ ጠበቃት። ብዙም ሳያወሩ ተቀመጡ። ድንቄ ከሊኦን ሌላ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትጫወት የመጀመሪያዋ ነበር። ያን ቀን አራት እርምጃ ሄዱና ቤኒ ደከማቸው።

በሁለተኛው ዓርብ ቤኒ ንጉሣቸውን ወደ ጥግ ወሰዱት፤ ቀጥለው መለሱት። በሦስተኛውም እንዲሁ ወሰዱት፣ መለሱት። ድንቄ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ለሰንበት የሚሸምተው ሕዝብ መሃል አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ ጨዋታው ድንገት ወለል ብሎ ታያት። ቤኒ ግንባቸውን ሁለተኛው መስመር ላይ ቢያወርዱት ንጉሧ መውጫ የለውም። ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንትም አልነበረውም። እሳቸው ደግሞ ይህን ሳያዩ የሚያልፉ ሰው አይደሉም።

በአራተኛው ዓርብ ቤኒ ንጉሣቸውን እንደገና ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ ድንቄ ተናገረች።

«አባ ቤኒ፣ ግንቡ ነው።»

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። መቼ እንዳየችው ጠየቋት። ያለፈው ዓርብ፣ ከዚህ ስሄድ አለቻቸው። ሽማግሌው አዩዋት፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

«እንግዲህ ካየሽው ማቆየት አይቻልም» አሉ።

ግንቡን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ሁለተኛው መስመር ላይ አወረዱት። ድንቄ ሌላ መውጫ አለ ወይ ብላ አልመረመረችም። የሊኦንን ንጉሥ በራሷ እጅ በጎኑ አስተኛችው። ቤኒ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከታች መንገድ ላይ ሰው ይጣራል፤ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ሰንበት ሊገባ፣ አውቶቡስም ሊቆም ስለሆነ የመጨረሻው እንዳያመልጣት፣ ድንቄ ተነሥታ የቤኒን ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ አስተካከለችና ወጣች። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጣ፣ መቃብሩ ላይ ያላለቀሰችውን፣ ሺቫው ላይም ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

በሚቀጥለው ዓርብም ሄደች፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ዓርብ አልቀረባትም። ቤኒ አዲስ ጨዋታ ደርድረው ነጩን ለእሷ ሰጧት። ድንቄ በፊት ከምትችለው በላይ ትጫወት ነበር፤ ቤኒም ይህን ነገሯት። እሷ ግን እያንዳንዱ እርምጃ የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ አንዱ የቤኒ፣ አንዱ የእሷ። በዚያ በአዲሱ ጨዋታ ውስጥ ሊኦን የሄዱት አንድም እርምጃ አልነበረም።